ምስማር ላይ የተሰቀለው አንገትጌ

ሕጉ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። የመንግሥት ኮሌጅ መምህር ሁሉ አንገትጌ ያጠልቃል፤ ከአንድ ተማሪ እምነት ጋር እንኳ የሚጋጭ ቃል ሊናገር ሲል አንገትጌው ድምፁን ይውጥበታል።

ዛሬም ዶክተር ዝናሽ ክፍል ውስጥ ከአፋር የተቆፈረውን አጥንት ዕድሜ ልትናገር ስትል ዋጠባት። ቤት እንደገባች አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ክፍሏ የሚማረው የእህቷ ልጅ፣ ዲያቆን ምናሴ፣ እራት ላይ ቱግ አለ።

“አክስቴ፣ አንቺ ሥጋ ስትበዪ አጠገብሽ ሽሮ እየበላሁ ጾሜን ያልፈታሁ ሰው፣ የአጥንት ዕድሜ ብሰማ ሃይማኖቴ ይፈርሳል? ሕግ አውጪዎቹን የእንቧይ ካብ ነው ያላቸው ማነው? በይ እዚሁ ንገሪኝ፤ ስንት ዓመቱ ነው?”

“እሱማ...” አለች። እጇ ባዶ አንገቷን ዳበሰ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

ምናሴ ዞር ብሎ ምስማሩን አየ። አንገትጌው እንደተሰቀለ ነው።