ሁለት አውራ ጣቶች

አሮጊቷ ጥሬ ገንዘብ አልያዙም ነበር። ለዕቃ ጫኙ ጉርሻውን በስልክ ሊልኩለት፣ በተራቆተው ሳሎን መሃል ቆመው አውራ ጣታቸውን የስልኩ መስታወት ላይ ጫኑ። ስልኩ አላወቃቸውም። ዕቃ ጫኙ፣ ዝሆን የሚያህለውን ቁም ሳጥን ከአምስተኛ ፎቅ ብቻውን ተሸክሞ ያወረደው ጎልማሳ፣ «ይተዉት እማማ፤ እኔ እንኳን ቁም ሳጥን ሕንፃውን ባወርድ አንዲት ጠብታ ላብ አይወጣኝም» አለ። ላቡ ግን ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

«ዝም በል፣ ጉረኛ! የሰው ላብ አልበላም» አሉት። ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ደግመው ጫኑ። እምቢ አለ። ሦስተኛውም ሳይሆን ሲቀር አንገታቸውን ደፉ። «አርባ ዓመት የሰው ልብስ አጥቤ፣ ሳሙናው አሻራዬን በላው። ምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ደግሞ ልጄ ነው።»

ጫኙ ጉራ አለቀበት። ጓንቱን አውልቆ የራሱን አውራ ጣት ዘረጋላቸው፤ ገመድ ልጦ ልጦት እንደ ወንዝ ጠጠር ለስልሶ ነበር። «የኔም ስልክ አያውቀኝም» አላቸው። አሮጊቷ ጣቱን ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ከዚያ የራሳቸውን አውራ ጣት እላዩ ላይ ጫኑና አቆዩት። ከታች የጭነት መኪናው ጥሩምባ ደጋግሞ ጮኸ። እሱ ግን አልተነቃነቀም።

«ደረሰኝ፣ እማማ» አለ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይጨምር።