አንለቅም

እንጉዳይ በገዛ እጇ የገጣጠመችው ኮምፒውተር አልነሳ አላት።

በዚያ ዘመን በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የኪራይ ነበር፤ ቁጣ የሚባል ነገር አይጽፍም። እንጉዳይ ለማዘጋጃ ቤቱ "ቤቴን አታፈርሱም!" ብላ ስትጽፍ፣ የኪራዩ ኮምፒውተር "ቤቴን ብታቆዩልኝ ደስ ይለኛል" ብሎ አለዝቦ ላከላት። በእጅ የተጻፈ ደግሞ ማንም አይቀበልም። ማዘጋጃ ቤቱም ስለ ትብብሯ አመስግኖ የሚያፈርስበትን ቀን አሳወቃት።

ባሏ አያልነህ ሳህኖቹን በአሮጌ ጨርቅ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይከታል።

"ተይው በቃ እንጉዳይ። ደግሞስ ኮምፒውተር በገዛ እጅ መገጣጠም የተከለከለ ነገር ነው።"

"አንተ ሳህንህን ጠቅልል!"

ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅላ እንደገና ሰካች። ወይ ፍንክች። አሁን የቀራት የማብሪያው ቁልፍ ነው። የቁልፉን ገመድ ነቀለችና፣ ገመዱ ተሰክቶባቸው የነበሩትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በካቻቢቴ ጫፍ አገናኘቻቸው። ማራገቢያው እልል ብሎ ተሽከረከረ። ለካስ የተበላሸው ቁልፉ ኖሯል!

ላብዋን እንኳ ሳትጠርግ መጻፍ ጀመረች። "ይህን ቤት ድንጋይ ተሸክመን የሠራነው እኛ ነን። አንለቅም። ማፍረስ የሚፈልግ እኛ ውስጡ እያለን ይሞክር!"

አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። እንጉዳይ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አያልነህ ከኋላዋ መጥቶ አነበበው። በእጁ የያዘውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"በስምሽ ብቻ ልትልኪው ነው?"

"ታዲያስ?"

"የኔንም ጻፊበት። ደግሞ 'ይሞክር' ከሚለው በፊት 'ወንድ ከሆነ' የሚል አስገቢበት።"

አስገባችና ላከችው።