ባና የጾመችበት ሁለተኛ ቀን

እየሩስ የሽቦውን በር ከፍታ እጇን ስትሰድ ግርግሙ ዛሬም ባዶ ነበር። አንዲት ሰበዝ ሣር እንኳ የለበትም። ጥንቸሏ ባና ጥግ ይዛ ተኮራምታለች፤ ጆሮዎቿን ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ዓይኗን ከፈት ጨፈን ታደርጋለች። እየሩስ ጎንበስ ብላ ከጎጆዋ ሥር ፈለገች። ትኩስ በጠጥ የለም፤ ከትናንት ወዲህ አልተጸዳዳችም።

መምህር ጌጡ የትምህርት ቤቱን የጥንቸል ክበብ ልጆች ሲያስተምሩ በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚያሳዩአቸው በጠጡን ነበር። «በግ አይደለችም» ይሉ ነበር። «ሆዷ ባዶ ከዋለ አንጀቷ ሥራ ያቆማል። አንጀቷ ከቆመ ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሩላት።»

እየሩስ ይህን አስታውሳ ደነገጠች ብንል ውሸት ነው። ደስ አላት።

በዚህ ሳምንት ባናን የመመገቡ ተራ የማርያማዊት ነዋ! የመሪጌታው ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ድምፀ መረዋ፣ የዘመሮ ከተማ እናቶች ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» የሚሉላት ማርያማዊት። እሱስ ይሁን። እየሩስ የማይዋጥላት ሌላ ነው። ባና የማርያማዊትን ድምፅ ስትሰማ ሽቦውን ተንጠላጥላ ትጠብቃታለች፤ እየሩስ ስትመጣ ግን ዞር ብላም አታያትም። ጤዛ ያለበትን ሣር ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚያጠወልግላት ማን ነው? እየሩስ። የመንዝ ነፋስ እንዳይገባባት ጎጆዋን በጓሳ ሣር የከደነላት ማን ነው? እየሩስ። ፍቅሩ ግን ለማርያማዊት።

መምህር ጌጡ ወደ ሞላሌ ተዛውረዋል። ስለዚህ ከሁለቱ ልጆች አንዷ ባናን ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ ለማን እንደሚሰጡ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተው ይወስናሉ። እየሩስ ትናንትም እዚሁ ቆማ ባዶውን ግርግም አይታ ነበር። አይታ፣ በሩን መልሳ፣ ትንፍሽ ሳትል ሄደች። የማርያማዊትን ጥፋት መምህሩ ራሳቸው ይዩት ብላ።

ማርያማዊት ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን በሩጫ መጣች።

«ምነው፣ ምን ሆነች?»

«ምን አብልተሻታል?»

«ጾም ነው እኮ!» ማርያማዊት ግራ ገባት። «የነነዌ ሰዎች ከብቶቻቸውንም አስጾመዋል፤ አባዬ እሑድ ሲያስተምሩ አልሰማሽም? ከእሑድ ማታ ወዲህ ምንም አልሰጠኋትም። ውኃ ግን ሰጥቻታለሁ፤ አሳዘነችኝ። ነገ ትፈታለች።»

«ለነገ አትደርስም።»

ማርያማዊት ያን ጊዜ ነው ባናን በደንብ ያየቻት። ፊቷ አመድ መሰለ። «ወይኔ! ለእሷም በረከት ይሆናል ብዬ እኮ ነው!»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እየሩስ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ዝም ብላ ብትቆም መምህር ጌጡ በዚያ በር ገብተው ሁሉን በዓይናቸው ያዩታል። ልትቆምም ፈልጋ ነበር። ባና ግን ጥርሷን አፋጨች። ጥንቸል ጥርሷን የምታፋጨው ሕመም ሲጠናባት ነው፤ ይህንንም ተምረውታል።

እየሩስ ወደ አጥሩ ሮጠች። ጠውልጎ የቆየ ሰርዶ አፍሳ መጣችና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ባናን አወጣቻት፤ አንድ እጇን ከደረቷ በታች፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርጋ፣ ልክ እንደ ትምህርቱ። ሰርዶውን አፏ ላይ አደረገችላት። ባና ፊቷን አዞረች። በሌላ በኩል ሞከረች። አሁንም አዞረች።

«ብዪ እንጂ! እኔ ምን አደረግሁሽ?» አለቻት።



«ከእኔ አትቀበልም» አለች በመጨረሻ፤ ሰርዶውን ወደ ማርያማዊት ዘረጋች። «አንቺ ስጫት።»

ማርያማዊት ተንበረከከች። «ባንዬ፣ ባንዬ» አለቻት እንባዋን እየጠረገች። የባና አፍንጫ ተንቀሳቀሰ። አንዲት ሣር ሳበች፤ ቆየት ብላ ሌላ ሳበች። ማኘኳ በእየሩስ ክንድ ላይ ይሰማል። ባና ተረፈች ብላ እየሩስ እፎይ አለች፤ ከማን እጅ እንደምትበላ ስታይ ደግሞ በቅናት ቅጥል አለች።

መምህር ጌጡ ሲደርሱ ማርያማዊት ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች። «ቲቸር፣ ያስጾምኳት እኔ ነኝ። ያተረፈቻት እየሩስ ናት።»

በመናዘዝም ቀደመቻት! እየሩስ አንገቷን ደፋች።

መምህሩ የባናን ሆድ ዳበስ ዳበስ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ። ነገ ጠዋት በጠጥ ካላየሽ እንስሳት ጤና ውሰጃት። በይ እየሩስ፣ ያንቺ ናት።»

ስንት ወር የጠበቀችው ቃል ነው! ታቅፋት ተነሣች። ጥቂት እንደተራመደች ባና ማኘኳን አቆመች። እየሩስ ዞረች። ማርያማዊት ሰርዶውን በእጇ እንደያዘች ባዶው ጎጆ አጠገብ ቆማለች።

«ነይ» አለቻት እየሩስ። «መንገድ ላይም መብላት አለባት።»

ከግቢው ወጡ። ነፋሱ ፊት ለፊት ይገርፋቸዋል።

«ትናንትም መጥቼ ነበር» አለች እየሩስ፣ መንገዱን እያየች። «መኖ እንደሌላት አይቻለሁ። ጥፋትሽን ቲቸር ይዩት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ማርያማዊት ቆመች።  ከዚያ ተራምዳ ደረሰችባትና አንዲት ሣር መዝዛ ለባና ሰጠቻት። እየሩስን አላየቻትም።

ባና ማኘክ ጀመረች። እየሩስም ሣሩ ከባና አፍ እንዳይርቅ እርምጃዋን አሳጠረች።