የጠጠሩ ትኩሳት

የአሮጊቷን ቤት የሚያሞቀው ወለሉ ስር የተከመረ ጠጠር ነው፤ ቀን የፀሐይ ሙቀት ይጠጣል፣ ሲመሽ በመሃሉ የሚያልፈው አየር ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ ያወጣል። ፀሐይ ከጠፋች ሳምንት ሆናት፤ ጠጠሩ ቀዝቅዟል። ወለሉ ላይ ባለ ጠባብ ጉድጓድ ወደ ጠጠሩ መሃል የገባው ቴርሞሜትር ብቻ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ ቆሟል።

«ተበላሽቶ ነው እማዬ፣ አውጥተሽ ጣይው» አላት ልጇ በስልክ።

«ላንተ ደግሞ ሁሉ ነገር መጣል ነው!»

አውጥታ ብብቷ ውስጥ ያዘችው። ሠላሳ ስድስት ተኩል፤ ደህና ይሠራል። ወደ ጉድጓዱ መለሰችው።

ሠላሳ ዘጠኝ።

አምስት ልጅ ያሳደገች ሴት ይህን ቁጥር አትስተውም። ሆዷ ባባ። የምታስታምመው ሰው ካጣች ስንት ዓመቷ!

ጎንበስ ብላ «ውሃ ላምጣልህ፣ ልጄ?» አለች።

ከታች ጠጠሩ፣ አልጋ ላይ እንደሚገላበጥ በሽተኛ፣ ቀስ ብሎ ወደ ድምፅዋ ዞረ።