እጅ የሌለው ማሽን

ጋሽ ይበልጣል ከጃጁራ ሆሳዕና ድረስ የመጡት የቀድሞ ተማሪያቸውን የሄለንን የአማተር ሬዲዮ ውድድር ለማየት አልነበረም፤ ለመናቅ ነበር። እሳቸው የሬዲዮ መልእክት በነጥብና በሰረዝ፣ በሞርስ፣ በጣታቸው ሲመቱ ያረጁ ሰው ናቸው። እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ኮምፒውተሩ ሌሎች ጣቢያዎችን ራሱ ይጠራል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ራሱ ይመዘግባል።

«ይሄም ውድድር ተብሎ!» አሉ። «ሰው ሞርስ ሲመታ በእጁ ይለያል። ጓደኛዬ ፍሬው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሬዲዮ ሲሰናበተኝ የመጨረሻዋን ሰረዝ ይጎትታት ነበር፤ ከሺህ ሰው መሀል እለየው ነበር። ይሄ ቆርቆሮ ምን እጅ አለው?»

«ጋሼ፣ ጆሮ የማይሰማውን ሁሉ ይሰማል እኮ።»

«ጆሮ ያልሰማው የለም!»

ሰማዩ ሲያጉረመርም ሄለን እንደ ልማዷ፣ መብረቅ እንዳይመታው ብላ፣ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ነቅላ መስኮቱ ሥር ጣለችው።

ጋሽ ይበልጣል ሳቁ። «እስቲ አሁን ማን ይመልስለታል?»

ከድምፅ ማጉያው ሞርስ መጣ። ቀስ ብሎ የእሳቸውን ስም መታ፤ ከዚያ ተሰናበተ። የመጨረሻዋ ሰረዝ ተጎተተች።

የጋሽ ይበልጣል ጣት ሳያዙት ጠረጴዛውን በሞርስ መታ፤ «ማነህ?»

ኮምፒውተሩ በመዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ጻፈ፦ ፍሬው እና ይበልጣል፣ ተገናኝተዋል።