በጃፓን ሒሳብ

ናጎያ ውስጥ በመኪና ዕቃ ፋብሪካ የሚሠራው ሰውዬ ከክፍል ተጋሪው ከኔፓላዊው ቢካሽ ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ገንዘብ ላይ ሲደርሱ ግን እንደ አገሬው ሰው አሥር ሺሁን የጃፓን የን «አንድ ማን» እያሉ ይቆጥራሉ። ለሰውዬው ይህ ተመችቶታል። ደሴ ያለችው ሚስቱ አስተማሪ ናትና እንግሊዝኛ ትሰማለች፤ «ማን» የሚባለውን ግን ከየት ታውቀዋለች?

ስለዚህ ከእሷ ጋር እያወራ ቢካሽ «ስንት አጠራቀምክ?» ሲለው፣ ስልኩን ሳይዘጋ «ሦስት መቶ ማን» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «እጄ ላይ ምንም የለም፤ ትንሽ ታገሺኝ» ይላታል። አባቷ ታመው ሆስፒታል በተኙበት ሰሞንም ያላት ይህንኑ ነበር።

ትናንት የአባቷ አርባ ወጣ። ዛሬ ከፈረቃ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ደወለላት።

«እግዜር ያጽናሽ ጥሩዬ» አላት፤ ድምፁ ዝሏል። «ቢኖረኝ ኖሮ ዝም እል ነበር?»

እሷም የደከማት ትመስላለች።

«ለኦፕራሲዮኑ የጠየቁን ሃያ ማን ነበር» አለችው።