ሳንታ ብሪሂዳን ያሳጣት ሰው

የሥጋ ፋብሪካው ከተዘጋ፣ ባቡሩም ከቀረ ወዲህ ሳንታ ብሪሂዳ ውስጥ የሚሸጥ ቤት እንጂ ገዢ አልነበረም። ስለዚህ ከቦነስ አይረስ የመጣ ኩባንያ በፋብሪካው አሮጌ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ደርድሮ «የቴክኖሎጂ ማዕከል» ሲከፍት፣ ከንቲባው ሪባን እየቆረጠ አለቀሰ። እኛም አለቀስን። ምን ይደረግ፣ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲከርም እንባው ቅርብ ነው።

ዴልሚራ ዕድሜዋን ሥጋ በቆርቆሮ ስታሽግ የኖረች ሴት ናት። አሁን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ከሰማይ የተነሡ ፎቶዎችን ትለያለች። የየት አገር እንደሆኑ አይጻፍባቸውም። ሁሉም ቁርጥራጭ ነው፤ ጥቂት ጣሪያ፣ ጥቂት መንገድ። ሰው፣ መኪና ወይም እንስሳ ከታየ «ይኖርበታል» የሚለውን፣ ካልታየ «ባዶ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። ከወጣቶቹ ሁሉ እጇ ይፈጥናል፤ ይህንንም ላልጠየቃት ሰው ሁሉ ትናገራለች።

«እስቲ ይሄን እዪው» ትላለች አንዳንዴ አጠገቧ ለምትሠራው ለጎረቤቷ ለኦፌሊያ። «ድመት እንኳ የለበትም። እዚህ የሚኖር ካለ እግዜር ይሁነው!» ትጫንና ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

የማዕከሉ ኃላፊ ጋስፓር የሚባል፣ ሠላሳ ያልሞላው የቦነስ አይረስ ልጅ ነበር። ትሁት ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም። አንድ አመል ግን ነበረበት፤ ቀትር ላይ አይተኛም።

እኛ ዘንድ ከምሳ በኋላ፣ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ይተኛል። ሱቁ ይዘጋል፣ ማዕከሉም ይዘጋል፣ መስኮቱ ሁሉ ይከረቸማል፣ ውሻው አልጋ ሥር ይገባል። በቀትር የወጣን ልጅ ነጭ ለባሿ ሴትዮ ትወስደዋለች እየተባልን አድገን፣ ፀጉራችን ሸብቶም አንወጣም። ጋስፓር ግን በዚያ እሳት ፀሐይ ስልኩን ይዞ ሲዞር ይውልና ማምሻውን አፍንጫው ተልጦ ይመጣል። ስልኩ ውስጥ ያለው ደግሞ የተዘጋ በር ፎቶ ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የሰው ቤት ምን ቤት ነኝ ብለህ ነው የምታነሳው?» አለችው ዴልሚራ አንድ ቀን።

«ለእጮኛዬ ነው የምልከው፣ እትዬ ዴልሚራ። የሚከራይ ቤት ምረጪ እያልኳት ነው።»

«ቦነስ አይረስን ትታ እዚህ ልትኖር? ኧረ ሌላ ውሸት ፈልግ!»

«እውነቴን ነው። ይልቅ አንድ ቀን በቀትር አብረን እንውጣና ከተማዎን ይዩዋት። ሌላ ከተማ ነው የምትመስለው።»

«ለምን? እንዳንተ አፍንጫዬ እንዲላጥ?»

ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ወዲያው ያ ክፉ ወሬ መጣ። የክፍለ ሀገሩ ጤና ቢሮ የሆስፒታላችንን ማዋለጃ ሊዘጋ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ ሰው አልቆባታል ተባለ።

የዴልሚራ ልጅ ሮሲና ነፍሰ ጡር ናት፤ ስምንት ወሯ ነበር። የፊተኛውን ልጅ የወለደችው እዚሁ፣ በቀዶ ጥገና፣ በስንት መከራ ነው። ሐኪሙም «የሁለተኛው ምጥ መንገድ ላይ ከያዛት አትተርፍም» ብሎ ለዴልሚራ በግልጽ ነግሯታል። ሌላው ማዋለጃ ያለው ደግሞ የግማሽ ቀን የጠጠር መንገድ ተሂዶ ነው። ዴልሚራ እንቅልፍ አጣች። ልጄን ሊገድሉብኝ ነው እያለች በየቤቱ ዞረች።

«ማነው ያሳጣን?» ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ሰው ትዝ አለው።

በማግስቱ ማዕከሉ ውስጥ የማቴ ሻይ በአንድ ቀሰም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጋስፓር ጋ ሲደርስ አለፉት። እኛ አገር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ፊቱ ቀላ።

«ምን አደረግኩ?»

«የተዘጋውን በር ሁሉ እያነሳህ ባዶ ነው ብለህ ልከሃል!» ጮኸች ዴልሚራ።

«እናቴ ትሙት አልላክሁም፣ እትዬ!»

«እናትህን ተዋት! የኔ ልጅ ናት የምትሞተው!»

ኦፌሊያ ሻንጣውን ከማደሪያው አምጥታ ደጃፉ ላይ ጣለችለት። አውቶቡሱ እስኪመጣ ማንም ጥላ ሥር አላስጠጋውም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሲሳፈር አንዱ ተፋበት። ማን እንደተፋ ይቅር፣ እኔ አልናገርም።

በሳምንቱ የጤና ቢሮው ኃላፊ ውሳኔውን ልታስረዳ መጣች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በጠዋት ጢም አለ። ዴልሚራ ሮሲናን ደግፋ ከፊት ተቀመጠች።

«ያ ሰላይ የላከላችሁን ፎቶ አውጡ!» አለች ገና ሴትዮዋ ሳትቀመጥ።

«የምን ሰላይ? ለእኛ ማንም ሰው ፎቶ አልላከልንም» አለች ኃላፊዋ። «የትኛው ከተማ ሰው እንዳለው ለማወቅ ሁሉንም ከሰማይ አስነሥተን ለአንድ ኩባንያ ሰጥተን አስለየን። ከውጤቱ አንዱ ይሄ ነው።»

ግድግዳው ላይ ፎቶ በራ። ጥቂት ጣሪያ፣ አንድ ነጭ መንገድ።

ዴልሚራ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ እንደ ልጅ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

«ተሳስታችኋል! ተመስገን አምላኬ፣ ተሳስታችኋል! ይሄ የኛ ከተማ አይደለም። ይሄን ፎቶ አውቀዋለሁ፣ በእጄ ነው ያለፈው፤ ባዶ ነው ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ! ሰው የለ፣ ውሻ የለ፣ ምንም የለ፤ የሞተ አገር ነው። የማን እንደሆነ እንጃ እንጂ የኛስ አይደለም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሮሲና ሆዷን ይዛ እየሳቀች አለቀሰች። ኦፌሊያ ያገኘችውን ሁሉ ትስማለች። ኃላፊዋ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ወይዘሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ይሄ ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ያለው መንገድ ነው፤ የተነሣውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።»